ሳልጭን የለካሁት ፓወር ሰፕላይ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ጋቢ አለበሱኝ። ለስላሳና ዳቦ ቀረበ። ኃላፊያችን ከወረቀት ላይ እያነበበ ሰቆጣ፣ ኒሯቅና ፃግብጂ ላይ እኔ ያልጠገንኩት ማሽን እንደሌለ ተናገረ። ውሸቱን ነው፤ ግን የሽኝት ውሸት ስለሆነ ማንም አልተከፋበትም። እኔም ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ እያስተካከልኩ ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ከወደ ኋላ አንዲት ሴት እጇን አንስታ «እኔም ትንሽ ልናገር» አለች። መምህርት አልጋነሽ ነበረች። እሷን ሳይ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረ።

አልጋነሽ የጋዝጊብላ ልጅ ናት፤ ሰቆጣ ከተማ ፊዚክስ ታስተምራለች። ብዙ የምታወራ ሰው አይደለችም። ቆማ ነጠላዋን ሰብስባ እንዲህ አለች፦

«እኔ ጋሼ ደሳለኝን የማመሰግነው ስለጠገኑልኝ ነገር አይደለም። እውነቱን ስለነገሩኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸነግለኝ ነበር። እሳቸው ግን እጅሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም ብለው ፊት ለፊት ነገሩኝ። እኔም ተውኩት። እንዲህ የሚናገር ሰው አይገኝም።»

ሰዉ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠው የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አዲስ የኮምፒውተር ክፍል እንደተሰጣቸው፣ ከሁሉም መምህር እሷ እንደምትሻል አውቆ ያዢልኝ ቢላት እጄ አይሆንም ብላ እንቢ እንዳለችው አጫወተኝ። አሁን ከሥራ ነፃ ስለሆንኩ እኔ ብይዝለት ደስ እንደሚለውም ነገረኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአልጋነሽ እጅ ምንም አልነበረበትም። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፤ ይህን የሚያውቅ ደግሞ ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።

የሥራ ዘመኔን ልጽፍ ብዕር ሳነሳ ብዙ ደስ የሚል ነገር እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ሆኖም የትኛውንም ብጀምር ሐሳቤ ወደዚያች አንድ ቀን ይሄድብኛል። ስለዚህ እሷኑ ልጽፍ። ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብኝ፤ ሳላውቅ ያጠፋሁ እንዳይመስል። እንዳላጠፋ በደንብ ተምሬ ነበር።

ያስተማሩኝ ሰው ጋሼ እንድሪስ ይባላሉ። ሰቆጣ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ከሚነግዱ የሙስሊም ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ናቸው። ሱቃቸው ፊት ለፊት ወንድማቸው አቡጀዲና ሻማ ይሸጣሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ እሳቸው ሬዲዮ ይጠግናሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት መቀመጡ ሲያስጠላኝ ሄጄ ልማር አልኳቸው። «መጀመሪያ አፍህን ዝጋ፤ ከዚያ እጅህን እናያለን» አሉኝ። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። አፌን መዝጋቱን ግን እስካሁንም አልተማርኩትም።

ጋሼ እንድሪስ አመላቸው ብዙ ነው። ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ሲነኩ ግራ እጃቸውን ሽርጣቸው ውስጥ ይሸጉጣሉ፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። «ሞቷል» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ያልተቻላቸውን ሬዲዮ ለባለቤቱ ሲመልሱ «እኔ አልቻልኩትም፤ ሌላ ሰው ይየው» ነው የሚሉት። ወንድማቸው እንዲህ እያልክ ደንበኛ ታባርራለህ ብለው ይቆጧቸው ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

ሁለተኛው አመላቸው ወረቀቷ ናት። አንድን ሬዲዮ ከፍተው ከመዝጋታቸው በፊት ከደብተር ላይ ጣት የምታህል ወረቀት ይቀድዳሉ። የባለቤቱን ስም፣ ምን እንዳገኙ፣ ምን እንዳደረጉ ይጽፉና በፕላስተር ከውስጥ ይለጥፏታል። በኋላ የሚከፍተው ሰው እንዳይሳሳት ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ቄስ ሬዲዮ ሲጠግኑ በእጃቸው ስህተት ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። ቄሱ «ዕቃው አሮጌ ነበር» ቢባሉ አምነው ይሄዱ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ግን የቄሱን ስም ከነአባታቸው ጻፉና ከሥሩ «እኔ እንድሪስ አቃጠልኩት፤ ከራሴ ቀየርኩት» ብለው ለጠፉት። ቄሱ ሬዲዮውን ሲወስዱ ክዳኑን ከፍተው ወረቀቷን አስነበቧቸው። ቄሱ ከት ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ለበዓል ማር ይልኩላቸው ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ነገሩ ሞኝነት መስሎ ነበር የታየኝ።

ሦስተኛው አመላቸው የመኪና አምፖል ነው። ከአንድ የወደቀ የጭነት መኪና የፊት መብራቱን አምፖል ነቅለው ሁለት ሽቦ በይደውበታል። ባትሪም ሆነ ሌላ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ዕቃ ሲመጣላቸው መለኪያውን ብቻ አያምኑም። አምፖሉን ይሰኩበትና፣ እየበራ፣ እየሠራ፣ ያኔ ይለካሉ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው ከቆላ ጨው እያስጫኑ ሰቆጣ ገበያ የሚያወርዱ ነጋዴ ነበሩ።

«አባቴ አህያ ሲገዛ ጥርሷን አይቶ ብቻ አይገዛም» አሉኝ። «ጨው ይጭንባትና ገበያውን አንድ ዙር ያስኬዳታል። ባዶዋን ቆማ ምኗን ታውቃለህ ይል ነበር። አንተም ባዶውን አትለካ። ጭነህ ለካ።»

ከእሳቸው ተለይቼ መንግሥት መሥሪያ ቤት በጥገና ሠራተኛነት ስቀጠር አምፖሉን መርቀው ሰጡኝ። ለራሳቸው ሌላ አበጁ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ኒሯቅ ነው። ከሰቆጣ ብርድ ወጥቶ አበርገሌ ቆላ መውረድ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የወረደ ነው። የምበይድበት ካውያ ሳይሰካ የጋለ ይመስላል። አለቃዬ ቅጽ የሚወድ ሰው ነበር፤ ለአንዲት ፊውዝ ሦስት ፊርማ ያስፈርመኛል። እዚያ ስሜን ያስጠራልኝ የጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። በፀሐይ ኃይል ነው የሚሠራው። ሁለት ባለሙያ መጥቶ ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል ብሎ ሄዷል፤ ምክንያቱም ባትሪውን ሲለኩት ሙሉ ነው። እኔ አምፖሌን ሰካሁበት። መብራቱ ቦግ አለና እየደበዘዘ እየደበዘዘ ጠፋ፤ የመለኪያው ቁጥርም አብሮ ወረደ። ባትሪው ነበር የደከመው። ነርሷ ባትሪ ተቀይሮ ማቀዝቀዣው ሲሠራ ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም ስለ ጋሼ እንድሪስ አንድም ቃል ሳልናገር ምስጋናውን ሁሉ ለብቻዬ ተቀበልኩ። አሁን ሳስበው ነገሬ የጀመረው ከዚያ ይመስለኛል።

ከኒሯቅ ፃግብጂ ሄድኩ። እዚያ አለቃዬ ጨዋ ሰው ነበር፤ ችግሩ ወረዳው የተሰጠውን አንድ ኮምፒውተር በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ ማንም እንዳይነካው ማድረጉ ነው። ማሽኑ በሰው እጅ ሳይሆን በአይጥ ጥርስ ተበላሸ። ሽቦውን እየቀጠልኩ ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር የተማርኩት በእሱ ላይ ነው። ጥቂት ኮርስም ተላክሁ። ደሞዜም ትንሽ ከፍ አለ። በመጨረሻ ወደ ሰቆጣ ተመለስኩና በየቢሮው የሚንከራተተው ኮምፒውተር ሁሉ ወደ እኔ ክፍል ይመጣ ጀመር።

ሰው ሲያከብርህ ደስ ይላል፤ እኔን ግን አበላሸኝ። ኮሪደር ላይ ሳልፍ «ዶክተሩ መጣ» ይሉኛል። እኔም የአምፖሉን ነገር እየተውኩት ሄድኩ። መደርደሪያው ሙሉ ትርፍ ዕቃ ስለነበረኝ መመርመሩን ትቼ መቀያየር ሆነ ሥራዬ። ወረቀቷንም ተውኳት፤ የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ አለ፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ቅጹ ላይ የዕቃው ቁጥር፣ የተቀየረው ነገርና ፊርማ አለ። ማን እንዳጠፋ የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። ጋሼ እንድሪስ በዚህ መሀል አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የሰጡኝ አምፖል ግን መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ነበር።

አልጋነሽ ወደ እኔ የመጣችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ወንድሟ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ወጣቶች ዓረብ አገር ሄዶ ይሠራል። የሚሠራበት ቤት ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ሲቀይሩ የወጣውን ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ለምኖ፣ በሸሚዝ ጠቅልሎ፣ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው ላከላት። ሳጥኑን ከትምህርት ቤቱ ውድቅ ዕቃ አስፈቅዳ ወሰደች። ሀርድ ዲስክም ነበራት። የጎደላት ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነው፤ እሱን መንገደኛው ከበደኝ ብሎ ትቶት መጥቷል።

ይህን ሁሉ የምትደክመው ለአባቷ ነው። አባቷ ጋዝጊብላ ውስጥ ንብ የሚያነቡ ገበሬ ነበሩ። ንብ የሚቀስመውን ዛፍና ቁጥቋጦ ሁሉ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ በስሙ ያውቁታል፤ የትኛው መቼ እንደሚያብብ፣ የትኛው ማሩን ነጭ እንደሚያደርግ፣ የትኛው እንደሚያመርር። እሷ ከመሞታቸው በፊት ሁለት ክረምት አጠገባቸው ቁጭ ብላ በስልኳ ቀዳቻቸው። ስልኳ ሲሞላ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ወደዚያ ዲስክ እየገለበጠች ከስልኩ ታጠፋለች። አባቷ አረፉ፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ተበላሸ። ድምፃቸውን የምትሰማበት አጣች። ማሽኑን የምትገጣጥመው እሳቸውን እየሰማች የዛፎቹን ስም በመጽሐፍ ለማስቀመጥ ነው። የእኔም እናት ኽምጣንጋ ተናጋሪ ነበረች፤ እኔ ከቋንቋው የማውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሳቧን ወደድኩት። እውነቴን ነው፤ ልረዳት ፈልጌ ነበር።

ከመደርደሪያዬ አናት አንድ የድሮ ፓወር ሰፕላይ አወረድኩላት። ከተወገደ የቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ነው። «ክብደቱን እዪው» አልኳት። «የዱሮ ዕቃ ይሄ ነው። የአሁኑማ ፌስታል ነው።» እሷ በሁለት እጇ ተቀብላ እድሜ ይስጥዎት ብላ መረቀችኝ። ዕቃው አሥር ዓመት እዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሳልፈትሸው ነው የሰጠኋት።

ከሳምንት በኋላ በገበያ ቀን ጠዋት ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በባጃጅ አመጣችው። ራሷ መጽሐፍ እያነበበች ገጣጥማዋለች። ቁልፉን ስትጫነው የፕሮሰሰሩ ፋን ግማሽ ዙር ይዞርና ይቆማል። ደግማ ስትጫነው ያው ነው። አንገቴን እያወዛወዝኩ ሽቦዎቹን አየሁ፤ የተሳሳተ ነገር አላገኘሁም። በጣም ንጹሕ ሥራ ነበር።

«ጋሼ፣ ፓወር ሰፕላዩ ይሆን እንዴ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «አሮጌ ስለሆነ ብዬ ነው።»

አሁን ሳስበው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስጦታዬን የናቀችብኝ መሰለኝ። ፓወር ሰፕላዩን ከማሽኑ ነቀልኩና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ቁራጭ ሽቦ አጥፌ አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ ጋር አገናኘሁት፤ ያለ ቦርድ የሚነሳው እንዲህ ሲደረግ ነው። ፋኑ ተነሳ። መለኪያዬን ሰካሁበት፤ የአሥራ ሁለት ቮልቱ መስመር አሥራ ሁለት ነው፣ የአምስት ቮልቱም አምስት ነው። «አየሽ? ምንም የለበትም» አልኳት።

እሷ ቁጥሮቹን አይታ ትንሽ አሰበችና «ባዶውን ነው የለኩት እኮ» አለች። «ቦርዱን ሲሸከምስ እንዲሁ ይሆናል?»

የጋሼ እንድሪስ ጥያቄ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ዓመት የሰማሁት ጥያቄ ከአንዲት የፊዚክስ መምህርት አፍ ወጣ። አምፖሉ ጉልበቴ አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስቤ ላወጣው ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። እኔ ግን ፀጉሬ የሸበተው በዚህ ሥራ መሆኑን፣ እሷ ገና መጽሐፉን ሳትገልጥ እኔ ስንቱን ማሽን እንዳስነሳሁ ነገርኳት። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። እሷ ቀላች። ይቅርታ ጋሼ ብላ፣ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች።

እሷ ከወጣች በኋላ ቦርዱን ከሳጥኑ ነቅዬ አወጣሁ። ከሥሩ ሳጥኑ ላይ አንድ ትርፍ ቡሎን አገኘሁ፤ ከድሮው ቦርድ የቀረ ነው። ቦርዱን ከብረቱ ጋር ሊያገናኝ ስለሚችል መውጣት ነበረበት። ደስ አለኝ፤ ጥፋቷን አገኘሁት ብዬ። አውጥቼ መልሼ ገጠምኩት። ቁልፉን ተጫንኩ። ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። ያው ነው።

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ያቆም ነበር። እኔ ተናደድኩ። ቁልፉን ደጋግሜ መጫን ጀመርኩ፤ እምቢ ያለች በቅሎ እንደሚገፋ ሰው። ስምንተኛ ይሁን ዘጠነኛ ጊዜ ላይ ፋኑ ድንገት ያዘና በኃይል ዞረ። «ይኸው» አልኩ ብቻዬን። ሀርድ ዲስኩ መዞር ጀመረ፤ ቀጭን ድምፁ ሲወጣ ሰማሁት። ከዚያ ቅጭ አለና ዝም አለ። ፋኑም ቆመ። ወዲያው ያ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ዕቃ ሽታ ለእኛ ሙያ ሰዎች ማብራሪያ አያስፈልገውም። ምን እንደሆነ ያኔውኑ አውቄዋለሁ።

ሽቦውን ነቀልኩ። መስኮቱን ከፍቼ በፋይል ማቀፊያ አየሩን እያራገብኩ ሽታውን አስወጣሁ። እሷ ከመምጣቷ በፊት እንዲጠፋ ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር አፍሬበታለሁ፤ እንደዚያች መስኮት የሚያሳፍረኝ ግን የለም። እዚያ ቆሜ ሳራግብ የምዋሽ መሆኔን አውቄ ነበር፤ የቀረኝ ቃሉን መምረጥ ብቻ ነው።

አልጋነሽ ስትመጣ ለእኔ ሎሚና ብርቱካን ገዝታ ነበር። ከማስቀመጧ በፊት ነገርኳት።

«ቦርዱ ሞቷል» አልኳት። «ዲስኩም ውስጡ ያለው ማንበቢያ ጭንቅላቱ ወድቋል፤ ባጃጁ ሲያንገጫግጨው ይሆናል። ይሄን ቡሎን ደግሞ ያለ ቦታው ትተሽው ነበር።» ቡሎኗን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

ቡሎኗን ረጅም ጊዜ አየቻት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አለች።

«መምህርት፣ እጅሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማስተማሩ ይሻልሻል» አልኳት። አላለቀሰችም። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ አለችኝ። ፓወር ሰፕላዩን እኔ ዘንድ እንድትተወው ነገርኳት፤ ሌላ ሰው እንዳይፈትሸው ነው። ሳጥኑን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ወጣች። ሎሚውንና ብርቱካኑን ትታልኝ ሄደች።

አንድ ሳምንት ሙሉ ያንን ዕቃ እያየሁ አልነካውም አልኩ። በመጨረሻ በሬን ዘግቼ አምፖሉን ከመሳቢያ አወጣሁ። በአሥራ ሁለቱ ላይ ሰካሁት። አምፖሉ በራ፤ አሥራ ሁለቱ ወደ ታች ወረደ። የአምስቱን ስለካው ግን ወደ ላይ ወጥቷል፤ ስድስትን አልፏል። በድሮ ዕቃ ሁለቱ አንድ ላይ የተያያዙ ናቸው። የአህያ ጭነት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ሌላው ጎን እንደሚነሳ ነው። የድሮ ኮምፒውተር የሚስበው በብዛት ከአምስቱ ነበር፤ የአሁኑ ከአሥራ ሁለቱ ይስባል። አሥራ ሁለቱ ሲከብደው አምስቱ ተነሳና ዲስኩን መታው። እኔ ደጋግሜ ስገፋው ነው የመታው።

ከሁሉ የባሰው ቀጥሎ ያሰብኩት ነው። እንዲህ የተመታ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ልቡ አይጎዳም። መግቢያው ላይ እንደ ዘበኛ የቆመች የሩዝ ፍሬ የምታህል ዕቃ አለች፤ ተቃጥላ ሌላውን ታድናለች። እሷን በካውያ ማንሳት ነው። ዲስኩ ይነሳ ይሆናል፤ ቢያንስ ድምፁን እስኪገለብጡ። ወዲያው ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። ምን ብዬ ዲስኩን ልጠይቃት? ጭንቅላቱ ወድቋል ያልኩት እኔው አይደለሁ? ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሌላ ሁለት ሳምንት ገፋሁ።

በመጨረሻ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠብቄ፣ እግረ መንገዴን ያገኘኋት መስዬ፣ ያ ዲስክ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ለቆራሌው ሰጠሁት አለችኝ። ባየሁት ቁጥር አባቴን የገደልኩት እየመሰለኝ፣ ከቤት ይውጣ ብዬ ከድስትና ከጣሳ ጋር ሰጠሁት አለች። መቼ አልኳት። ባለፈው ማክሰኞ። ቆራሌውን ስፈልግ ዋልኩ፤ የሰበሰበውን ብረት በጭነት መኪና ወደ ወልድያ ልኮታል። እሷን ግን ምንም አላልኳትም። ከእንግዲህ ምን ይጠቅማታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት አለፈ፤ እስከዚያች የሽኝት ቀን።

ከሽኝቱ በኋላ ሁለት ቀን እህል አልበላልኝ አለ። ባለቤቴ ሰውዬው ጡረታ ከበደው ብላ አዘነችልኝ። በሦስተኛው ቀን ከደብተር ላይ ጣት የምታህል ወረቀት ቀድጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህን ፓወር ሰፕላይ ሳልጭን ለክቼ ደህና ነው አልኩ። ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ያቃጠልኩት እኔ ደሳለኝ ነኝ። ባለቤቷ ምንም አላጠፋችም።» ወረቀቷን በፕላስተር ፓወር ሰፕላዩ ላይ ለጠፍኳት። አምፖሉንና መለኪያውን ይዤ አልጋነሽ ቤት ሄድኩ።

ጋሼ ይግቡ ብላ ወንበር ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ላይ ጠፋብኝ። ስለዚህ ዕቃውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና ሰካሁት። መጀመሪያ ባዶውን ለካሁላት። ከዚያ አምፖሉን ሰክቼ የመለኪያውን ዘንግ አምስቱ ላይ አደረግኩና ቁጥሩን እንድታነብ ወደ እሷ አዞርኩት። የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። ከመለኪያው ወደ እኔ ቀና ስትል ፊቷን ማየት አቃተኝ።

«ያኔ አውቀው ነበር?» አለችኝ።

«ሽታው ሲመጣ አወቅሁ። አንቺ ገበያ ነበርሽ» አልኳት። ስለ መስኮቱም ነገርኳት። ስለዚያች የሩዝ ፍሬ ስለምታህል ዕቃ፣ ስለ ቆራሌውም ነገርኳት፤ አንድም አላስቀረሁም። ስጨርስ አምፖሉን ራሷ ነቀለችው።

«ዛፎቹ እኮ አሉ» አለች። «ጋዝጊብላ በሄድኩ ቁጥር አያቸዋለሁ። ስማቸውን የሚነግረኝ ነው የሌለ። ግማሹን እኔ አላውቀውም፤ አባቴ ዲስኩ ላይ ነበር የሚያወራልኝ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። አልመለሰችልኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም፤ ይቅርታውን እዚያው ቆሜ እንድትሰጠኝ መጠበቅም ሌላ ድፍረት ነው። ፓወር ሰፕላዩን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ወረቀቷን አነበበቻት። ሁለት ጊዜ አነበበቻት።

«ባለቤቷ ማን ናት?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ የጻፍኩትን አየሁ።

«ባለቤቷ ምንም አላጠፋችም ይላል። ማን ናት ታዲያ? በሰው ፊት ነው ያመሰገንኩዎት፤ ይሄንንም ሰው ሊያነበው ይገባል። እንቢ ያልኩትን የኮምፒውተር ክፍል ስረከብ በሩ አጠገብ እለጥፈዋለሁ። ስሜን ይጻፉት።»

ብዕር ሰጠችኝ። «ባለቤቷ» የሚለውን ሰርዤ ከላዩ «አልጋነሽ» ብዬ ጻፍኩ። ልመልስላት ስል እጇን አልዘረጋችም።

«ከነአባቴ» አለች።

ስለ ንባቸው፣ ስለ ማራቸው፣ ስለ ድምፃቸው ይህን ሁሉ ዓመት ሳስብ ኖሬ ስማቸውን አላውቀውም ነበር። ማን ይባላሉ ብዬ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። በደንብ አልሰማሁም መሰለኝ፣ እንድትደግምልኝ ለመንኳት። ደገመችልኝ፤ ጻፍኩት።